የምንወደውን ፊልም ስንጠየቅ



«የትኛውን ፊልም ትወዳለህ?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን እኛ በሰቆጣ ቀን በመደበኛው ትምህርት ቤት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ በመድረሳ የምናስተምር ሰዎች፣ አንድ ልጅ ለዚህ አንድ ጥያቄ ሦስት መልስ ሲሰጥ እንሰማለን። በመድረሳ ስንጠይቀው «አር-ሪሳላ» ይለናል። በትምህርት ቤት፣ በተለይ ከትልቅ ከተማ የመጣ እንግዳ ካለ፣ «ጤዛ» ይላል። ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን ጥይት የሚዘንብበትን ፊልም ይጠራል። ማታ ስልኩን ከፍቶ እንባ እየተናነቀው የሚያየው ግን ከሦስቱም የተለየ ነው፤ እሱን ለማንም አይናገርም።

የሚጠራቸው ፊልሞች የሚናቁ አይደሉም። «አር-ሪሳላ» ሶርያ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ሙስጠፋ አል-ዐቃድ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ሥራ ነው። በዐረብኛና በእንግሊዝኛ፣ በተለያዩ ተዋንያን ሁለት ጊዜ ተቀርጿል፤ የነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ምስል በውስጡ አይታይም። ሙሃጂሮች በሐበሻው ንጉሥ በነጃሺ ፊት የቆሙበት ክፍል እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ ይነካናል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛም» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘ የአገር ኩራት ነው። ይሁን እንጂ ያላያቸው ልጅ የሚሰጣቸው ውዳሴ ለፊልሞቹም ለልጁም ምን ይጠቅማል?

ልጁ ለምን እንዲህ ያደርጋል? ያፍራላ! በዋግ ኽምራ ደጋ ከሚያድጉት ልጆቻችን መካከል ከቤተሰባቸው ጋር ኽምጣኛ የሚናገሩ፣ አማርኛን ከደብተር ጋር ያወቁ፣ ዐረብኛን ከቁርኣን ጋር የቀሩ አሉ። ነገ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ «ገጠሬ» እንዳይባሉ ከአሁኑ የሌላ ሰው ምርጫ ይሸመድዳሉ። አስመሳይነት ግን የልጆች ብቻ አይደለም። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ተጀምሮ የውጭ አገር ድራማ፣ በተለይም የቱርክን፣ በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ሲጀምር፣ ቀን በአደባባይ ሲያወግዝ ውሎ ማታ ክፍሉ እንዳያመልጠው ወደ ቤቱ የሚሮጥ አባወራ ስንቱ ነበር! በአያቶቻችን ዘመን በአዲስ አበባ ከተከፈቱት የመጀመሪያዎቹ ሲኒማ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። እነዚያ ሰዎች ቢያንስ የጠሉትን ጠላን ብለዋል።

የአቡበክር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ) ባስተላለፈችው፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ፣ አንዲት ሴት ባሏ ያልሰጣትን እንደሰጣት አድርጋ በጣውንቷ ፊት ብትታይ ኃጢአት ይሆንባት እንደሆነ ጠየቀች። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ያልተሰጠውን እንደተሰጠው የሚያስመስልን ሰው ሁለት የሐሰት ልብስ ከለበሰ ሰው ጋር አመሳሰሉት። እስቲ እናስተውል! ያላየውን ፊልም አየሁ፣ ያልገባውን ገባኝ፣ የሰለቸውን ወደድኩት የሚል ሰው የለበሰው ልብስ የማን ነው?

በአንጻሩ እናታችን ዓኢሻን (ረ.ዐ) እንመልከት። በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጂድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ይጫወቱ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማየት ትፈልግ እንደሆነ ቢጠይቋት አዎን አለች። ከኋላቸው ቆማ፣ ጉንጯን ከጉንጫቸው አስጠግታ አየች። በቅቷት እንደሆነ ሲጠይቋትም አዎን አለች። አያችሁ ወገኖች! የወደደችውን ወደድኩ፣ ሲበቃት በቃኝ ማለት ነውር አልሆነባትም። የተጠየቀችውም ለመፈተን ሳይሆን ልቧን ለመጠበቅ ነበርና።

እኛም በአንድ ወቅት በክፍላችን ይህንኑ ጥያቄ ጠይቀን ነበር። ወንዶቹ ታላላቅ ስሞችን ተራ በተራ ከደረደሩ በኋላ አንዲት ተማሪ ተነሥታ «እኔ የሕንዱን ማዘር ኢንዲያን ነው የምወደው» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣ፣ የአያት ፊልም! ቋንቋውንም አትሰማውም። ለምን እንደወደደችው ስንጠይቃት ግን ሳቁ ቆመ። በፊልሙ ውስጥ አማትየዋ ለሠርግ ብላ ከአራጣ አበዳሪ ገንዘብ ትበደራለች። ዕዳው ቤቱን ይበላዋል። አባወራው ክንዶቹን ቋጥኝ አድቅቆበት ቤቱን ጥሎ ይሄዳል። እናትየዋ ሞፈሩን በገዛ ትከሻዋ እየጎተተች ልጆቿን ታሳድጋለች። ልጅቷም «አባቴ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሄዶ ሲቆይ እናቴ እንደዚያች ሴትዮ ናት» አለችን። በመዝገባችን ላይ ያልነበረውን የዚያን ቤት ኑሮ ያን ዕለት አወቅን። ሌላው ልጅ ስለ አራጣ ሐራምነት የቃላት ትርጉም ሲሸመድድ፣ እሷ አራጣ እንጀራን ከልጅ አፍ እንዴት እንደሚነጥቅ በዓይኗ አይታ ነበር። እሷም እንደ ሌሎቹ «ጤዛ» ብትል ኖሮ ይህን ሁሉ ከየት እንሰማው ነበር?

ወላጆች ሆይ! ጉዳዩ የፊልም ብቻ አይደለም። ልጅ የሚወደውን ከደበቀን የሚያስለቅሰውን፣ የሚያስፈራውንና የሚመኘውንም ይደብቀናል። የማናውቀውን ልብ ደግሞ እንዴት አድርገን እናንጻለን? «ወደድኩት» ማለት «ሐላል ነው» ማለት አይደለም። ሐያእን የሚገፍ፣ ከሶላት የሚያዘናጋ ፊልም ብንወደውም ባንወደውም ክልክልነቱ አይለወጥም። ነገር ግን ልጁ እውነቱን ሲነግረን ብቻ ነው «ይህን ተወው፣ በምትኩ ይህን እይ» ልንለው የምንችለው። የውሸት መልስ የሰጠንን ልጅ የምንመክረው በሌለበት መንገድ ነው።

ስለዚህ «ምን ትወዳለህ?» ብለን ስንጠይቅ «ለምን?» ማለትንም እናስከትል፤ ከመልሱም በኋላ አንሳቅ፣ አንቆጣ። አብረን ተቀምጠንም እንይ። ኢራናዊው ማጂድ ማጂዲ እ.ኤ.አ. በ1997 የሠራው «የገነት ልጆች» ለዚህ ይመቻል። ወንድምና እህት አንድ ጥንድ ጫማ እየተቀያየሩ ትምህርት ቤት ሲሮጡ ያሳያል። ልጁ የሦስተኛ ደረጃ ሽልማት የሆነውን ጫማ ለእህቱ ለማምጣት ይወዳደርና አንደኛ ወጥቶ ያዝናል። የዋግ ልጅ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ቢሰለቸውም ሰለቸኝ ይበል። እኛም አዋቂዎቹ እንደዚሁ እንናገር፤ በተሸለመ ፊልም ፊት «አልገባኝም» ማለት አላዋቂነት አይደለምና።

አላህ (ሱ.ወ) ውስጣችንንና ውጫችንን አንድ ያድርግልን፤ ልጆቻችንንም እውነት ለመናገር የማይፈሩን ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።