ባቡር የሌለው ለገሃር

«ለገሃር፣ ለገሃር!» እያለ ይጣራል የታክሲው ረዳት። ቃሉ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው፤ ባቡር ጣቢያው ማለት ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን ሕንጻው የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ከድሬዳዋ እስክትመለስ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እጠብቃት ነበር። ባቡሩ ቢዘገይም ተነሣ የሚለኝ አልነበረም።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን ለገሃርን አይነካም፤ መንገደኛው የሚሳፈረው ከከተማው ዳር ነው። በ2011 ዓ.ም. በለገሃር ዙሪያ አዲስ ሰፈር ለመገንባት የመሠረት ድንጋይ ሲጣል፣ አሮጌው ጣቢያ በቅርስነት እንደሚጠበቅ ተነገረ። ደግ ነው። ሙዚየምም ይሁን ቡና ቤት አልከራከርም። ብቻ ምንም ሳይገዛ የተቀመጠ ሰው ተነሣ የማይባልበት አንድ አግዳሚ ይትረፍልን።