የቤተ ልሔም ጉዞና የቤተሰቡ ስንቅ

ቤተሰብን አስከትሎ ለበዓል ወይም ለስለት ራቅ ወዳለ ደብር መሄድ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ የጉዞው ቀን ሲቃረብ የመኪናው ኪራይ፣ የማደሪያውና የልብሱ ጉዳይ በአባወራውና በዘመድ መካከል ሲመከርበት ይሰነብትና የምግቡ ነገር «እሷ ታውቅበታለች» ተብሎ ለቤቱ እመቤት ብቻ ይተዋል። እሷም ሌሊቱን ስትጋግርና ስትቆላ አድራ መኪና ላይ ስትወጣ እንቅልፍ ይጥላታል። ከደረሱ በኋላም የምታየው ደብሩን ሳይሆን የሰው ማድቤት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ዛሬ የምንነጋገረው በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት የምትገኘውን ቤተ ልሔምን አብነት አድርገን ነው።

ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። ለአቋቋም ጎንደር በአታ፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አምባ እንደሚጠሩ ሁሉ፣ የድጓ ዜማ ተማሪ የትም ተምሮ ቢዘልቅ «አስመሰከረ» የሚባለው ከቤተ ልሔም መምህራን ፊት ቆሞ ሲወጣው ነው። ሕንፃዋም ቢሆን እንግዳን የምታስገርም ናት። ጸሐፊው ቶማስ ፓክነሃም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲጎበኛት ከውጭ ያየው እንደ ማንኛውም የገጠር ደብር ክብ የሣር ክዳን ቤት ነበር። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን ከድንጋይና ከእንጨት የታነጸ፣ ባለ አራት ማዕዘን የሆነ የጥንት ቤተ ክርስቲያን በዚያ ክብ ቤት ተሸፍኖ አገኘ። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ለውጭው ዓለም አስታወቀ። ይህን ሁሉ ሳያዩ ከምድጃ ሥር ውሎ መመለስ ያስቆጫል።

መንገዱ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል፣ ከዚያም የጉናን ግርጌ ይዞ ወደ ነፋስ መውጫ ያመራል። ከወረታ እስከ ወልዲያ የሚዘልቀውን ይህን መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናውያን ስለ ሠሩት እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለው አለ። ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። የነፋስ መውጫን ስም ትርጉምም ለማወቅ ከመኪና መውረድ ብቻ ይበቃል። ብርዱ ሆድን ስለሚያስርብ በቤታቸው ቁርስ የሚገፉ ልጆች በዚያ አገር ሁለት ጊዜ ይጠይቃሉ፤ ዕቅድዎን በቤትዎ ልክ አያውጡ።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። በ3,000 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህም ምክንያት አተር ክክ ወይም ባቄላ ለማብሰል ከአዲስ አበባው የበለጠ ጊዜና ማገዶ ይጠይቃል። ደረቅ ክክ ይዞ መሄድ ማገዶ ማባከን ነውና ሽሮ ይያዙ፤ ምስሩንም ቢሆን አስቀድመው ቆልተው ያስከኩት። የሚጠጣው ውሃ ግን መፍላት ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል እሳት ላይ ይቆይ። በሶ የሚበጠበጠውም በዚሁ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ መሆን አለበት፤ በተለይ ለሕፃናት።

የጉዞው ወር ምርጫም የወጪ ጉዳይ ነው። ነሐሴ የፍልሰታ ጾም ነው፤ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ያለው የገጠር መንገድም በጭቃ ይያዛል፤ የገበሬው ጎተራ የሚጎድለውም በዚያን ጊዜ ነው። ከኅዳር 15 እስከ ገና ያለው ጊዜም ጾም ስለሆነ ለትንንሾቹ ሁለተኛ ድስት ማስጣድ ግድ ይላል። ከጥምቀት በኋላ ያሉት የጥር ቀናት ግን፣ በእኔ ግምት፣ ከሁሉ ይሻላሉ። መንገዱ ደርቋል፣ እህሉ ተወቅቷል፣ የሚጾመውም ባብዛኛው ረቡዕና ዓርብ ነው። በባሕር ዳር ሲያልፉ በእነዚህ ቀናት ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እንተወው።

አሁን ወደ ስንቁ እንምጣ። ባልና ሚስት፣ አንዲት አያትና ሦስት ልጆች ለአራት ቀን ይሄዳሉ እንበል። ለአዋቂ በቀን ሁለት፣ ለልጅ አንድ እንጀራ ቢታሰብ በቀን 9 ይሆናል። ለሁለቱ የመጀመሪያ ቀናት 18 ለጋ እንጀራ በአገልግል ይበቃል። ከዚያ በላይ መያዝ ለሻጋታ ማስረከብ ነው። ለቀሩት ሁለት ቀናት የ18 እንጀራ ድርቆሽ፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ የ9 ይጨመር። የመጠባበቂያው ነገር ቀልድ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በደረሰው ግጭት መንገድ በድንገት ሊዘጋ እንደሚችል የታየ ነው። ስለሆነም የመንገዱን ደኅንነት ሳያረጋግጡ ቤተሰብ ይዞ መነሣት አይገባም፤ ተነሥተውም ቢሆን የአንድ ቀን ትርፍ ስንቅ ሊጎድል አይገባም። በሶ ለአዋቂ 100 ግራም፣ ለልጅ የዚያ ግማሽ ቢመደብ ለአንድ ጧት 450 ግራም ነው፤ ለአምስት ጧት ሁለት ኪሎ ከሩብ ማለት ነው። ዳቦ ቆሎው፣ አዋዜው፣ ለፍስክ ቀን ቋንጣው የየቤቱ ነው፤ ይህን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

ገንዘቡን በተመለከተ በዚህ ዓምድ የብር አኃዝ መጻፍ አልፈለግሁም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው እየተለዋወጠ ስለሆነ፣ ዛሬ የምጽፈው አኃዝ ለሚቀጥለው ወር መንገደኛ አይጠቅምም። ይልቅስ ከመነሣትዎ ሳምንት በፊት ለሚያውቁት ሰው ስልክ ደውለው የአንድ በያይነቱ ዋጋ በደብረ ታቦር ስንት እንደ ሆነ ይጠይቁ። የምግቡን ገንዘብ ሦስት ቦታ ይክፈሉት፦ አንደኛው ለመንገድ ላይ ምሳ፣ ሁለተኛው ለአካባቢው ገበያ፣ ሦስተኛው የማይነካ። ትኩስ ምግብ በቀን አንድ ጊዜ ከምግብ ቤት፣ ቀሪው ከአገልግሉ ቢሆን ከሁለቱም ይጠቀማሉ። ስንቅ አለን ብለው የባሕር ዳርን አንድ ምሳ ለልጆቹ የሚከለክሉ ወላጆች አሉ፤ ይህን ያህል መቆጠብ ግን ጉዞውን ቅጣት ያስመስለዋል።

ሁለተኛውን ድርሻ በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ታቅፈው የቆዩ፣ የምግብ እጥረት ደጋግሞ የሚጎበኛቸው ወረዳዎች ናቸው። ነገር ግን በዚያ አገር እንግዳ ደጅ ላይ አይቆምም። ባለቤቲቱ የቀራትን ዱቄት አቡክታ፣ ለልጆቿ ያሰበችውን ድንች ቀቅላ ታቀርባለች፤ «በልተን ነው የመጣን» ቢሏትም አትሰማም። ባዶ እጁን የሄደ ቤተሰብ እንግዲህ የሌላ እናት ማሰሮ ላይ ጉዞውን አሰላ ማለት ነው። ስለዚህ ቡና፣ ስኳር፣ በርበሬና ሳሙና ለብቻ ቋጥረው፣ ምግብ ከመቅረቡ በፊት፣ በገቡበት ምሽት «እትዬ፣ ይህች ለቡናዎ ናት» ብለው ይስጡ። በማግሥቱ ገበያ ከዋለ ድንቹን፣ ባቄላውንና እንቁላሉን ከዚያው ይግዙ፤ በሰውም ፊት እስኪያሳፍር ድረስ አይከራከሩ። የገበያው ብር ባብዛኛው የሚገባው ሴቶቹ እጅ ነው።

ከዚያም ተማሪዎቹ አሉ። ለምድ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ከደጅ ደጅ የሚዞሩት ልጆች አንዳንዶቹ ከእርስዎ የበኩር ልጅ አይበልጡም። ድጓ ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ተማሪውን የሚያኖረው የየመንደሩ ሴቶች የሚቆርሱለት እንጀራ ነው። የመምህራኑ ስም በክብር ይጠራል፤ የነዚህ ሴቶች ስም ግን የትም አልተጻፈም። ልጆችዎ አገልግል ከፍተው ሲበሉ ተማሪዎች ቆመው እንዳያዩ ገለል ያለ ቦታ ይምረጡ፤ ደግሞም ዳቦ ቆሎውን ሲያዘጋጁ የእነሱን ድርሻ ከመነሻው አብረው ይስፈሩ፤ የተረፈውን ለመስጠት ብለው አይጠብቁ።

የሥራው ክፍፍል ከቤት ሳይወጡ ይነገር። ውሃ ማፍላት የአባት፣ ድርቆሽ ማራስ የትልቋ ልጅ፣ ዕቃ ማጠብ የወንዶቹ ልጆች ቢሆን ማንም አይጎዳም። አያቲቱ ሒሳብ ይያዙ፤ እሳቸው ሲጠይቁ ማንም ስለማይዋሽ። እናትየዋ ቅዳሴው ሳያልቅ ወደ ምድጃ እንዳትመለስ የበዓሉ ዕለት ምሳ የግድ ፍርፍር ይሁን፤ ድርቆሹም ማለዳ ይራስ።

ለመልሱ ደግሞ ባዶውን አገልግል ባዶውን አይመልሱት። የጋይንት ድንች በሩቅ መንገድ አይበላሽም፤ ከሥሩ ገለባ አንጥፈው ቢሞሉት አዲስ አበባ ድረስ ደኅና ይገባል።