ራዲዮሎጂ ለደረሳችሁ ልጆች

ሰሞኑን ኢንቦክሴን የሞላው አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። «ቲቸር፣ ሜዲስን ሞልቼ ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ ደረሰኝ። ምን ላድርግ?» አንዷማ «ቤት ስነግራቸው ‹አራት ዓመት ተምረሽ ፎቶ አንሺ ልትሆኚ ነው?› አሉኝ» ብላ የሚያለቅስ ኢሞጂ ልካልኛለች። አይዞሽ እህቴ፣ ይቺን ነገር እኔም እዚሁ አሰላ ሠርግ ቤት ሳይቀር ሰምቻታለሁ። ለየብቻ ከምመልስላችሁ እዚህ ልጻፈው። የቀድሞ ተማሪዎቼ የጎደለውን ኮሜንት ላይ ሙሉልኝ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ራዲዮሎጂስት ማለት ሜዲስን ጨርሶ በራዲዮሎጂ ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ነው፤ ምስሉን አንብቦ ሪፖርት ይጽፋል። ራጁንም፣ ሲቲ ስካኑንም፣ ኤምአርአዩንም የምናነሳው ግን እኛ ነን። ሐኪሙ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን እኛ ያላሳየነውን ሊያነብ አይችልም።

ቀላል ምሳሌ ልስጣችሁ። ወድቆ እጁን የተመታ ልጅ መጣ እንበል። አርሲ መሆናችንን አትርሱ፣ ከፈረስ የወደቀ አይጠፋም። ከፊት ብቻ ብታነሱት አጥንቱ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ከጎን ስታነሱት ስብራቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ሁለት አቅጣጫ የግድ ነው የምንለው ለዚህ ነው። ክንድ ከሆነ ከላይም ከታችም ያለው መገጣጠሚያ መታየት አለበት። ሰልፉ ረዝሟል ብላችሁ አንዱን ከዘለላችሁ፣ ልጁ «ምንም አልሆነም» ተብሎ ቤቱ ሄዶ ከወራት በኋላ ክንዱ ተጣሞ ገጥሞ ሊመለስ ይችላል።

የደረት ራጅንም ተመልከቱ። የኛ አገር ደጋ ነው። ሰው ከሳጉሬ፣ ከቦቆጂ ሲመጣ ሹራብ በሹራብ ላይ፣ ከዚያም ጋቢ ደርቦ ነው። መርፌ ቁልፍ፣ አንገት ላይ ያለ ክታብ፣ የደረት ኪስ ውስጥ የተረሳ ሳንቲም፣ ሁሉም ምስሉ ላይ ይወጣል። ትከሻ ላይ የወረደ ወፍራም ሹሩባ እንኳ የሳንባ ችግር ሊመስል ይችላል። ቲቢ በበዛበት አገር ይሄ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ በትህትና ታስወልቃላችሁ፣ ሹሩባውን ወደ ላይ ታስይዛላችሁ፣ ደረቱን ካሴቱ ላይ አስጠግታችሁ ከጀርባ በኩል፣ ከ180 ሳንቲሜትር ርቀት ታነሳላችሁ። እንዲህ ሲሆን ልብ ወደ ካሴቱ ስለሚቀርብ ብዙ ሳይጎላ በልኩ ይታያል። ታካሚው አየር በደንብ ካልሳበ ግን ልፋታችሁ ከንቱ ነው። አዛውንቱ አማርኛ የማይሰሙ ከሆነ «ሀፉራ ኬሰን ቀባ» በሏቸው፤ ትንፋሽዎን ይያዙ ማለት ነው፣ በአንቱታ። እኔ ጋ ለፕራክቲካል የመጣ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው እነዚህን ሦስት ቃላት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጨረር አይታይም፣ አይሸትም። ሮንትገን ኤክስሬይን እ.ኤ.አ. በ1895 ሲያገኝ ጉዳቱን ያወቀ ሰው አልነበረም። የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ ከኤክስሬይ ጋር ብዙ ሲሠራ ቆይቶ ሁለቱም እጆቹ ተቆርጠው በ1904 በካንሰር ሞተ። በዚህ ሙያ ምክንያት ላለፉ ሰዎች በ1936 ጀርመን፣ ሐምቡርግ ውስጥ ሐውልት ቆሞላቸዋል። ዛሬ አንድ የደረት ራጅ የሚሰጠው ጨረር ከተፈጥሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከምናገኘው ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ አትደናገጡ። ምርመራው የሆድ ወይም የዳሌ ሲሆን፣ ታካሚዋም የመውለጃ ዕድሜ ላይ ስትሆን ግን ሳይጠየቅ የማይታለፍ ጥያቄ አለ፦ የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?

ጥያቄው ቀላል ነው። መልሱ ነው የሚከብደው። አንድ ጊዜ ወገቧን የሚያማት ወጣት ሴት ከአማቷ ጋር መጣች (ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ)። ስጠይቃት አማቷ ቀደም ብለው «ምንም የለባትም፣ አንሳት ብቻ» አሉኝ። ልጅቷ መሬት መሬቱን ታያለች። «እማማ፣ እዚህ ክፍል ጨረር ስላለ እርስዎ ውጭ ይጠብቁን» አልኳቸው፤ ደግሞም እውነት ነው። በሩ ሲዘጋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው፤ ግን እስካረጋግጥ እሳቸው እንዲያውቁ አልፈልግም» አለችኝ። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ጨንግፎባት ነበር። ወረቀቷን ይዤ ወደ ላካት ሐኪም ሄድኩ። የሽንት ምርመራ ታዘዘላት፣ እርጉዝ ነበረች፣ ራጁ ቀረ። ለአማቷ «ሐኪሙ ሌላ ምርመራ አዟል» ከማለት ሌላ ትንፍሽ አላልኩም። የቀረውን እሷ በጊዜዋ ትንገራቸው።

ለዚያች ልጅ ያነሳሁላት ምስል የለም። ሥራዬን ግን ሠርቻለሁ። ሙያው ማለት ይሄ ነው፤ ቁልፉ ከመጫኑ በፊት ባለችው ደቂቃ ውስጥ ነው ያለው።

አልዋሻችሁም፣ አስቸጋሪ ጎንም አለው። ማሽን ይበላሻል፤ መለዋወጫ እስኪመጣ ታካሚው ከሩቅ እየመጣ ይመለሳል፣ ቁጣውን የምትቀበሉት እናንተ ናችሁ። የማታ ተረኛ ስትሆኑ ብዙ ጊዜ ብቻችሁን ናችሁ። ደሞዙ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ሲከፋፈል ምን እንደሚተርፍ ታውቁታላችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ የለም።

ስለዚህ ከአሁኑ ተዘጋጁ። አናቶሚን ለፈተና ብቻ አትሸምድዱ፣ የራሳችሁን ክንድ እየዳሰሳችሁ አጥኑ። ፊዚክስን አትጥሉ፤ ከጨረሩ ምንጭ ርቀታችሁን እጥፍ ስታደርጉ የሚደርሳችሁ ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ይቺ ሕግ ዕድሜ ልካችሁን ትጠብቃችኋለች። የምትሠሩበትን አካባቢ ቋንቋ ተማሩ። ማሽኑን ከማስተካከላችሁ በፊት ታካሚውን ስሙን ጠይቁት፤ የተሳሳተ ሰው ላይ የተነሳ ጥሩ ራጅ ምንም አይጠቅምም።

እና እህቴ፣ ሜዲስን በመቅረቱ ብታዝኚ ማንም አይፈርድብሽም፤ ትንሽ እዘኚ። ከዚያ ግን አንድ ሴሚስተር በሙሉ ልብሽ ሞክሪው። የአናቶሚ ኖት ካስፈለገሽ ኢንቦክስ አድርጊልኝ፣ እልክልሻለሁ።

ዘንድሮ ለምትጀምሩ ሁሉ መልካም የትምህርት ዘመን!