ዋሳቢ፣ ሰናፍጭና ልጄ

ቅዳሜ ማታ ልጄ «አባዬ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የምጋብዝህ» ብላ ጃፓን ምግብ ቤት ወሰደችኝ። የመጀመሪያ ደመወዟ ነው።

ጃፓን ስላችሁ ዝምታና ጭራሮ ሻይ እንዳይመስላችሁ። ገና ከበሩ ስትገቡ አስተናጋጆቹ ባንድ ድምፅ «ኢራሻይማሴ!» ብለው ይጮሃሉ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ነው። ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል፣ ግድግዳው ካርቱን በካርቱን፣ ሜኑው ደግሞ ሱሺን ከሜክሲኮ ቡሪቶ ጋር አጋብቶታል። ፊውዥን ይሉታል። እኛ ፓስታ በእንጀራ ስንበላ ስንኖር ስም አላወጣንለትም እንጂ!

ሁዳዴ ነው። ልጄ አትጾምም። በዚህ ነገር ድሮ ተኳርፈናል፣ አሁን ሁለታችንም አናነሳውም። ግን አስተናጋጁን እንደ መርማሪ ፖሊስ ያፋጠጠችው እሷ ናት። ሚሶ ሾርባው ዓሣ አለው? አለው፤ ዳሺ የሚሉት መረቅ ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ነው የሚወጣው። ይቅር። ማዮኔዙ? እንቁላል። ይቅር። (ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ እንዳታመጡብኝ፤ እኔ በሁዳዴ አልበላም።) ልጁ ግራ ገብቶት «ቪጋን ናቸው?» ቢላት፣ «አይ፣ ጾም ነው» አለችው። «ጾም»ን በአማርኛ። እኔ ውሃዬን ጠጣሁ።

ቴምፑራም እንቁላል አለው ተባለ። ይሄኔ የታሪክ አስተማሪነቴ ተነሳብኝ፤ ተማሪዎቼ ታውቁኛላችሁ። ፖርቱጋሎች ጃፓን የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1543 ነው፣ ጠመንጃ ይዘው። በሊጥ ነክሮ መጥበስን ያስተማሩ እነሱ ናቸው ይባላል፤ ስሙም ሥጋ ከማይበላባቸው የካቶሊክ የጾም ቀናት የላቲን ስም የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1541፣ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫው 400 የሚሆኑ ባለ ጠመንጃዎች ይዞ አጼ ገላውዴዎስን ሊረዳ ምጽዋ ወርዷል። «እና ለኛ ቴምፑራ አላስተማሩንም?» አለች ልጄ። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ መልስ የለኝም። ብቻ የጾም ስም ያለው ምግብ በጾም አመለጠኝ።

የበላሁት ኤዳማሜ ነው፤ ከነልጣጩ የተቀቀለ የአኩሪ አተር እሸት። ባቄላ እሸት እየፈለፈለ ያደገ ሰው አይቸገርም። ከዚያ በአቮካዶና በኪያር የተጠቀለለ ሩዝ። ቾፕስቲኩን ትቼ በእጄ ጎረስኩት፤ ሱሺን በእጅ መብላት እዚያው ጃፓንም ነውር አይደለም።

«ዋሳቢውን ትንሽ ብቻ» አለችኝ። ትንሹም አፍንጫዬን ሰንጥቆ አናቴ ላይ ወጣ። እንባዬ እየወረደ «ይሄማ ሰናፍጭ ነው!» አልኩ። እውነትም ዘመዳሞች ናቸው። ከጃፓን ውጭ የሚቀርበው ደግሞ አብዛኛው እውነተኛው ዋሳቢ ሳይሆን ሆርስራዲሽ የሚባል ሥርና ሰናፍጭ አረንጓዴ ቀለም ተጨምሮበት ነው።

«ሰናፍጭ ምንድነው?» አለች። እናቴ በየሁዳዴው ስልጆ ትጥል እንደነበር ነገርኳት፤ የባቄላ ዱቄቱን፣ ሱፉን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ እስኪብላላ መጠበቁን። ስልኳን አውጥታ መጻፍ ጀመረች። «ስንት ቀን ነው የሚቆየው? እሑድ እንሞክረው?»

ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ጥሩ ሱፍ የት ይሸጣል? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ከእሑድ በፊት።