ሦስት ቀን ያታገለን ሞዞ

ቅዳሜ አሰላ ዳር ባለች ጋራዥ ሦስተኛ ቀናችን ነበር። የአሮጌው ትራክተር የኋላ ሞዞ፣ ማለትም ጎማው የሚታሰርበት ብረት፣ ከዘንጉ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ጎማው ወርዷል፣ ዳዶው ተፈቷል፤ እሱ ግን ንቅንቅ የለም።

እኔ እንደ ልማዴ መዶሻ አነሳሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ጋሼ እጄን ያዙኝ። «አንተ ልጅ፣ ሞዞውን ነው የምትፈታው ወይስ ዘንጉን የምትሰብረው?»

ልክ ናቸው። የዘንጉ ጫፍ ከተቀጠቀጠ ጥርሱ ይበላሻል፣ ዳዶው ተመልሶ አይገባም። ምቱም ውስጥ ድረስ ዘልቆ ኩሽኔታውን ይጎዳል። ደግሞ ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሁለቱን ብረት አንድ ያደረገው ይኸው እብጠት ነው።

ጋሼ መጀመሪያ ዳዶውን ጥቂት ጥርስ መልሰው አስገቡ። ሞዞው ሲለቅ እንዳይፈናጠር ነው። ሞዞውን ስቦ የሚያወጣውን ፑለር አስረው ወጠሩት፣ ከዚያ ሞዞውን ብቻ ዙሪያውን በእሳት ማሞቅ ጀመሩ። 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የብረት ቀዳዳ በ150 ዲግሪ ቢሞቅ የሚሰፋው 0.2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። እቺን ለምታህል ነገር ነው ሦስት ቀን የተሰቃየነው!

ፑለሩን እንደገና ወጥረው «ሻይ እንጠጣ» አሉ። ብርጭቆዬን ሳልጨርስ ጥይት የተተኮሰ መሰለኝ። ለቋል።

ይህን የምትሞክሩ ካላችሁ፣ እባካችሁ ጎማው ሳይወርድ እሳት አታስጠጉ። አየር ያለበት ጎማ ሲግል ይፈነዳል፣ ሰውም ይገድላል። ፑለር ተወጥሮ ሳለም ፊት ለፊቱ አትቁሙ።