የአፈ ታሪክ መጽሐፍ ስትገዙ ከኋላ ጀምሩ

«የዓለምን አፈ ታሪክ ለማወቅ የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ለምትጠይቁኝ ሁሉ፦ ዛሬ ብሔራዊ አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ አንድ ወፍራም፣ ባለ ሥዕል ኢንሳይክሎፒዲያ ሳገላብጥ ውዬ እርር ብዬ ነው የገባሁት። ስለዚህ ዛሬ መልሱን አታጡትም።

ሽፋኑን ተዉት። መጨረሻው ላይ ያለውን የስሞች ዝርዝር ግለጡና የምታውቁትን አገር ፈልጉ። እኔ «ኢትዮጵያ»ን ፈለግኩ። ያገኘሁት አንድሮሜዳን ብቻ! የንጉሥ ኬፌዎስ ልጅ፣ እናቷ በውበት ስለተመጻደቀች ለባሕር አውሬ ዓለት ላይ የታሰረችው፣ ፐርሲየስ ደርሶ ያዳናት። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ግን ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ስላሉት አገር ያወሩት ነው። እዚህ የተወራውስ የት ገባ?

የአክሱሟ እትዬ አዜብስ? እሷም ለዘንዶ ተሰጥታ ዛፍ ላይ ታስራ ነበር እኮ! ሰባት ቅዱሳን ከዛፉ ጥላ ሥር አረፍ ሲሉ እንባዋ ጠብ አለባቸው፤ ቀና ብለው አዩአት፤ ዘንዶውንም ገደሉት። ደሙ ተረከዟ ላይ ቢነካት ተረከዟ የአህያ ሆነ። አገሩ ሹመቱን ለእሷ ሰጠ፤ እግሯን ልትድን ሰሎሞን ዘንድ የሄደችውም እሷ ናት። ኤኖ ሊትማን ይህን ትውፊት በ1904 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል፤ የተደበቀ ነገር አይደለም። ሁለት ልጃገረዶች፣ ሁለት አውሬዎች። አንዷን ጎበዝ መጥቶ አገባት፤ ሌላዋ ነገሠች። የእኔን ምርጫ ታውቃላችሁ። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ኢንሳይክሎፒዲያ እንዴት ይጠፋል?

እሺ፣ ወደ ጥያቄያችሁ። የኤዲት ሃሚልተን «ሚቶሎጂ» (1942) የግሪክና የሮማ ነው፤ መጨረሻ ላይ ስለ ሰሜን አውሮፓ ጥቂት አለው። ይህን አውቃችሁ ከገዛችሁት ግሩም ነው። ሮበርት ግሬቭስ ስለ ግሪክ አፈ ታሪክ በጻፈው መጽሐፉ (1955) ከየታሪኩ ሥር ማን እንደጻፈው ይዘረዝራል፤ የራሱን ማብራሪያ ግን ብዙ ምሁራን አይቀበሉትም፤ ምንጩን ያዙና ማብራሪያውን እለፉት። የኔን አንደኛ ቅጽ የወሰድከው ወንድሜ፣ ይህን እያነበብክ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንድሮሜዳ እዚያ ውስጥ ናትና መልስልኝ። ለባቢሎን የስቴፋኒ ዳሊን ትርጉም (1989) ውሰዱ፤ የሸክላው ጽላት የተሰበረበትን ቦታ በግምት ሳትሞላ እንደተሰበረ ታሳያችኋለች። ለእኔ ታማኝነት ማለት ይህ ነው።

ስለ ሰሜን አውሮፓዎቹ አማልክት፣ ስለ ኦዲንና ስለ ቶር፣ ከምናውቀው ብዙውን የጻፈልን ስኖሪ ስቱርሉሶን ነው፤ አይስላንድ ክርስትናን ከተቀበለች ከ200 ዓመት በኋላ የጻፈ ክርስቲያን። ይህን ሳይነግራችሁ «ቫይኪንጎች እንዲህ ያምኑ ነበር» የሚል መጽሐፍ ካጋጠማችሁ፣ ሥዕሉ ምንም ቢያምር፣ ሻጩ ምንም ቢቀንስላችሁ፣ መልሳችሁ አስቀምጡት። ይኸው ነው፤ ደህና እደሩ።