የአባቴ ፒክአፕና የእሑድ ወንፈል

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳና ደመወዝን ስለ ማብቃቃት ነው። ዛሬ ስለ አሮጌ መኪና ልጽፍ መነሣቴን የሰማች አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «የሴቶች ዓምድ መሆኑን ዘነጋሽው እንዴ?» ብላ ሥቃብኛለች። አልዘነጋሁም። ነገሩ የሚጀምረው ከእናቴ ምጣድ ነውና።

እናቴ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። እንጀራውን ከኮልፌ ወደ መርካቶና ወደ ፒያሳ የሚያደርሰው በ2011 ዓ.ም. ያረፈው አባቴ የተወልን ቶዮታ ሂሉክስ ፒክአፕ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር የ1985 ሥሪት ሲሆን በናፍጣ ይሠራል። አባቴ አናጺ ነበር፤ ቁም ሣጥንና አልጋ፣ ሲቸግርም የጎረቤት በሽተኛ ጭኖበታል። ሊብሬው በስሜ ከዞረ ወዲህ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተነሥቼ እንጀራውን አደርስና ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮዬ እገባለሁ።

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር እኅቴ ወደ ሱሉልታ ቤት ስትቀይር ዕቃዋን ጫንኩላት። እርሷ ሕፃን ልጇን ታቅፋ ጋቢና ውስጥ ከአጠገቤ ተቀምጣለች። ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ዳገቱን እንደ ተያያዝነው የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ተጠጋ። አየሁት። «አናቱ ላይ ስንደርስ አቆማለሁ» አልኩ። አናቱ ላይ አልደረስንም፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተግተልትሎ ወጣ፣ ሞተሩም ጸጥ አለ። ይባስ ብዬ የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት ስል አንድ መንገደኛ ሾፌር እጄን አፈፍ አደረገኝ። የጋለ ራዲያተር ውሃው ታፍኖ ስለሚቆይ ክዳኑ ሲከፈት ፊት ላይ ይፈናጠራል። መኪና የምትነዱ እኅቶቼ ሁሉ፣ መርፌው ሲወጣ እዚያው ቁሙ፤ ክዳኑንም ሞተሩ ሳይበርድ አትንኩ።

ተጎትቶ የገባበት ጋራዥ «ሞተሩ አልቋል፣ ይቀየር» አለን። የጠየቀን ዋጋ የስምንት ወር ደመወዜ ነበር። ወንድሜ «ለቁራሌው ይሸጥና እንገላገል» አለ። ሌላ ይገዛ እንዳይባል፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ እንደ እኛ ያለ ቤተሰብ የሚደፍረው ነገር አይደለም። እናቴ ምንም አላለችም። እንጀራውን በታክሲ ማድረስ ስትጀምር ግን ትርፉ ለታክሲ ሆነ፤ ሰዓቱም እየተዛባ አንደኛው ምግብ ቤት ውሉን አፈረሰ። የወንድሜ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ግማሹ ከዚያው እንጀራ እንደሚወጣ ወንድሜ ራሱ የዘነጋው ይመስለኛል።

በሰፈራችን የአሮጌ ቶዮታ ባለቤቶች እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚሰበሰቡበት አንድ ግቢ አለ። ባለግቢው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። አንድ የፊዚክስ መምህር፣ አንድ ባለታክሲ፣ በሙያ ኮሌጅ አውቶ መካኒክ የምትማር የባለታክሲው ልጅም አይጠፉም። አባቴ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይሰወር የነበረው ወዴት እንደሆነ ያወቅሁት መኪናውን ወደዚያ ግቢ ያስጎተትኩ ዕለት ነው።

ሽማግሌው የዘይት መለኪያውን መዝዘው አሳዩኝ፤ ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል። «ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል ልጄ፤ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል። ሞተሩ ሞተ ያለሽ ማነው?» አሉኝ።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በእሳት ብልጭታ አይሠራም፤ አየሩን አፍኖ ሲጨምቀው ከሚፈጠረው ግለት የተነሣ ናፍጣው በራሱ ይቀጣጠላል። ያን ሁሉ ግፊት አፍኖ የሚይዘው በሞተሩ አካልና ቴስታታ በሚሉት ራሱ መካከል የሚገባው ስስ ጓርኒሲዮን ነው። ሞተሩ ከልክ በላይ ሲግል ቴስታታው ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮኑም ይከፈታል። ልጅቷ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቴስታታው ፊት ላይ አጋድማ በሥሩ ስስ ቆርቆሮ ብታሾልክ አለፈላት። «ከተጣመመ ይላጣል፤ ከተሰነጠቀ ግን ሌላ ነገር ነው» አለ መምህሩ። ቶርኖ ቤት አይተው እስኪነግሩን ድረስ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልነበረኝም። አልተሰነጠቀም።

ጓርኒሲዮኑን ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄድን። ውፍረቱ ስለሚለያይ አሮጌውን በራሴው ጋዜጣ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ሻጩ ገንዘቡን የምከፍል እኔ ሆኜ ሳለ የሚያናግረው ባለታክሲውን ነበር። ባለታክሲውም ሲሰለቸው «ወንድሜ፣ ባለመኪናዋ እርሷ ናት፤ እኔ ለመሸከም ነው የመጣሁት» አለው። ዋጋው ወዲያው ባይቀንስም አንገቴ ቀና አለ።

ሲገጠም ቡሎኖቹን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። በአንድ ጊዜ አይጠብቁም፤ የጉልበቱን ልክ በሚያሳይ መፍቻ፣ ልክ እንደ ሰፌድ ስፌት ከመሐል ወደ ዳር እየዞሩ በሦስት ዙር ነው። ሞተሩ ተከፍቶ ሳለ የቫልቮቹን ጊዜ የሚጠብቀውን የላስቲክ ቺንጋም ቀየርን፤ እርሱ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስቶን ተጋጭተው ያን ጊዜ በእውነት ሞተሩ ይሞታልና። ሥራው አራት እሑድ ፈጀ። የዕቃውና የቶርኖ ቤቱ ወጪ ተደምሮ ሁለት ወር ደመወዜን አልሞላም።

የእጅ ዋጋቸውን ስጠይቅ ሽማግሌው ተቆጡ። «አባትሽ የእኔን ባሌስትራ ሲቀይር መች አስከፈለኝ? ወንፈል ነው፤ ተራሽ ሲደርስ ትመጫለሽ» አሉ። እናቴ እንጀራና ሽሮ ልካ ነበር፤ እርሱን ግን አልመለሱም።

ውሉን ያፈረሰው ምግብ ቤት አልተመለሰም፤ በምትኩ ሌላ አግኝተናል። በየማለዳው ሞተሩን ከማስነሣቴ በፊት ውሃውንና ዘይቱን አያለሁ።

የፊታችን እሑድ ተረኛው መምህሩ ነው፤ መኪናው ማርሽ ሲገባ መንገጫገጭ ጀምሯል፣ ፍሪሲዮኑ ሳይሆን አይቀርም። ቡናውን እናቴ ትቆላለች። እኔ የአባቴን ቱታ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፌ እለብሳለሁ። ወንድሜም ትናንት ደውሎ «መብራት የሚይዝላችሁ ሰው አያስፈልጋችሁም?» ብሎኛል።